አያ ድቦን ለኖርዌይ ሕፃናት ያስተማርኩ ዕለት

ሌሎች ስደተኞች ታሪካቸውን ሲጀምሩ «በዚያች ጨለማ ሌሊት» ይላሉ። እኔ የተሰደድኩት በጠራራ ፀሐይ ነው። ያውም ሆን ብዬ ረቡዕን መርጬ። የከተማዬ የሮብ ገበያ ሰው ረቡዕ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለው ሕዝብ ድንቹንና ገብሱን ጭኖ፣ በጉን እየነዳ የሚወርድበት ቀን ነው። ማክሰኞ ብሄድ ኖሮ ማን ያየኝ ነበር?

ለማታውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ቢያድግልኝ እባላለሁ። አስኳላ ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ኋላ ቆሜ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለአገሬው ማመልከቻ ጻፍኩ። የእኔን ማመልከቻ አንብቦ ያላለቀሰ ዳኛ የለም። አንዳንዶቹ ያለቀሱት ከርዝመቱ የተነሣ ነው የሚል ምቀኛ አለ፤ እሱን ለእግዜር ትቼዋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። አንዲቷ ልጄ የሺ የምትኖረው በኖርዌይ፣ ከዚያ ወዲያ መሬት የለም በሚባልበት በሰሜኑ ጫፍ ነው። ባሏ የዓሣ መርከብ ላይ ይሠራል፤ ወር ሄዶ ወር ይመጣል። ሶስና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። አንድ ቀን የሺ ደወለችና «አባባ፣ ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ባናገርኳት ቁጥር በእነሱ ቋንቋ ነው የምትመልስልኝ። እርስዎ ቢመጡ…» አለችኝ። «ቢመጡ» የሚለውን ቃል ሳትጨርሰው እኔ ሻንጣ እየፈለግኩ ነበር።

መናኸሪያው ላይ ታላቅ እህቴ እታለም ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ደግሞ ይህን ሱሪ ማን ሰጠህ?»

«ገዝቼው ነው።»

«ለሁለት ሰው ይበቃል። እሺ፣ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ላስተምር ነዋ። ልጅቷን አማርኛ ላስተምራት ነው።»

«እናቷ የለችም እንዴ?»

«የእናቷ አማርኛ የጓዳ ነው። የእኔው ከነሰሙ ከነወርቁ ነው። ሦስት ወር ስጪኝ።»

«ሦስት ወርስ ሰጠሁህ። እስከዚያው ጆሮህን ሸፍን፤ ብርድ ነው አሉ።»

«ብርድ? ለጮቄ ልጅ ስለ ብርድ ይነገረዋል?» አልኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከት ብዬ ሳቅሁ።

በሦስት አውሮፕላን ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ከጎኔ ለተቀመጠው ፈረንጅ ከወንበሩ ኪስ ያለውን የአደጋ መመሪያ በሥዕል በሥዕሉ አስረዳሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ በጥሞና ለማዳመጥ ይመስለኛል።

ስወርድ ኅዳር ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አገሩ ጨልሟል።

«የሺ፣ ሊነጋ ነው ወይስ መሽቷል?»

«አይ አባባ፣ እስከ ጥር ፀሐይ አትወጣም።»

«ምን አድርገዋት?»

ይህን ስላት አንዲት ትንሽ ልጅ እንደ ዳቦ ተጠቅልላ፣ ከልብሷ ውስጥ ዐይኗ ብቻ እየታየ፣ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ሮጠች። «ቤስተፋር! ቤስተፋር!» ትላለች። ጆሮዬ በአውሮፕላኑ ደንቁሮ ነበርና በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

ስለ ብርዱ እውነቱን ልናገር። በማግስቱ ለልጄ ጎጃሜ ምን እንደሆነ ላሳያት ብዬ ጋቢዬን ብቻ ደርቤ ወጣሁ። እስከ ቆሻሻ መጣያው ደርሼ እስክመለስ ጢሜ እንደ ሽቦ ቆሟል። የጮቄ ብርድ ጨዋ ነው፤ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። የዚህ አገሩ ብርድ ግን ተከራይ ነው፤ አንዴ ከገባ ማንም አያስወጣውም። ደግነቱ ቤቱ ውስጥ ሙቀት አለ። እዚህ አገር ሰው ብርድ የሚያመው ውጭ ሲወጣ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ብርዱ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር አብሮ ይተኛል። ድንቻቸውን ግን ተዉት። የአገሬን የስናንን ድንች የበላ ሰው ያን ድንች ብሎ አይጠራውም።

ያን ዕለት ጠዋት የሺ ልጅቷን ይዛ ወጥታ ብቻዋን ተመለሰች።

«ሶስናስ?»

«ባርነሀገ አድርሻት መጣሁ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ባርነት? የአምስት ዓመት ልጅ? አንቺ እናት ነሽ?»

የሺ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ባርነሀገ ነው እኮ፣ አባባ! የሕፃናት መዋያ። እኛ አገር ኬጂ እንደሚሉት።» ማታ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ «ባርነት» እያለች እንደገና ስትስቅ ሰማኋት። ያኔ ለራሴ ማልኩ፦ ከእንግዲህ የአንድም ቃል ፍቺ ሰው አልጠይቅም። የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ አዳምጦ ይደርስበታል።

በዚያው ሳምንት ነው የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት መሥሪያ ቤት የሄድነው። ከመስታወት ጀርባ ያለችው ወጣት በየሺ አማካይነት ትጠይቀኛለች።

«ሥራዎ ምን ነበር ትላለች።»

ጉሮሮዬን አጠራሁ። ከቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ኋላ መቆሜን፣ ማመልከቻዎቼን፣ ያስመለስኳቸውን መሬቶች፣ ያስታረቅኳቸውን ባልና ሚስት፣ አንድ ዳኛ ተነሥቶ እጄን የጨበጠኝን ቀን፣ ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሴትዮዋ ብዕሯን አንሥታ ትጠብቃለች። የሺ አንድ ቃል ተናገረች። ሴትዮዋ ጻፈች።

«ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«ጡረተኛ።»

«ያን ሁሉ!»

«ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ አባባ።»

ከባለቤቱ ጋርም አልተግባባንም። ባለቤት የምለው ቤቱን ያከራየንን፣ ምድር ቤት የሚኖረውን ኦላ የሚባል ሽማግሌ ነው። በእኔ ዕድሜ ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሳገኘው እጁን ይዤ እንደ ወጉ እጠይቀዋለሁ፦ እንደምን አደርክ፣ ቤተሰቡ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው እንዴት ነው። እጁን እንደማልለቀው ሲያውቅ ዝም ብሎ ይቆማል። በአምስተኛው ቀን የሺ ዘንድ መጥቶ አንኳኳ።

«አባትሽ ምን ጎድሏቸው ነው? ማሞቂያው ተበላሸ?»

«አይ፣ ሰላምታ ነው።»

«ትናንት እኮ ሰላም ብለውኛል።»

የሺ ስትተረጉምልኝ ተቆጣሁ። «ትናንት የጠየቅኩት የትናንቱን ነው! ዛሬ ምን ሆኖ እንዳደረ በምን አውቃለሁ?»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የምጽፈውም ስለዚህ ነው፤ የቀረው ወግ ነው።

ልጅቷ በየቀኑ ከባርነሀገ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ቤስተፋር!» እያለች ወደ እኔ ትሮጣለች። እኔም አዳምጬ ደረስኩበት። እንግሊዝኛ ጥቂት ጥቂት አውቃለሁ፤ ቤስት ማለት ምርጥ ማለት ነው። ፋር ደግሞ አማርኛዋ ስለተሰባበረ ነው እንጂ ፋራ ማለቷ ነው። ምርጥ ፋራ! አንደኛ ፋራ! ጋቢዬን አይታ፣ ሰፊ ሱሪዬን አይታ፣ የገዛ የልጅ ልጄ ስም አወጣችልኝ። እናቷም ትሰማለች፤ ደግሞ ፈገግ ትላለች።

እኔ ክብሬን የማውቅ ሰው ነኝ። «ቤስተፋር» ስትል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ሥዕል ሥላ ስታመጣልኝ አላየሁም ብዬ ሬዲዮዬን እነካካለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ መጥራት ተወች። ስትገባ ጫማዋን በሥርዓት ታወልቅና በእኔ በኩል ሳታልፍ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። እኔም በልቤ «ይኸዋ! ሥርዓት ያዘች» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከደረጃው ስወርድ የኦላ በር ላይ መኪና ቆሞ ሁለት ሕፃናት ዘለው ወረዱ። «ቤስተፋር! ቤስተፋር!» እያሉ ሮጡ። ያ ከእንጨት የተጠረበ የሚመስል ሽማግሌ እጆቹን ዘርግቶ በረዶው ላይ ተንበረከከ። ሁለቱን በሁለት ክንዱ ሲያቅፍ ፊቱ እንደ ሰው ፊት ሆነ።

ሱሪው ጠባብ ነው፤ ጋቢም የለውም። ፋራ የሚያሰኘው ነገር አንድም አላየሁበትም።

ወደ ላይ ተመልሼ፣ መሐላዬን አፍርሼ፣ እንደ ዘበት «የሺ፣ ቤስተፋር ምንድን ነው?» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «አያት ነዋ። ቃሉን ሲፈቱት ምርጥ አባት እንደ ማለት ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ እኔም የምጠይቅዎት ነበረኝ። ሶስና ምን አለችኝ መሰለዎት? አያቴ አይወደኝም አለችኝ። ስጠራው ፊቱን ያዞራል አለችኝ። ሽማግሌ ስለሆነ ጆሮው አይሰማም ብዬ ዋሸኋት።»

ሠላሳ ዓመት የሰው በደል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ይህን በደል ለማን ብዬ ልጻፈው? አመልካች ሶስና፣ ተጠሪ እኔ። ምስክር አያስፈልገውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክሳት ሞከርኩ። «ሶስናዬ፣ ነይ እስኪ» ስላት እናቷን ታያለች። ጣፋጭ ገዝቼ ባቀርብላት በሁለት ጣቷ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ትሄዳለች። አንድ የማትለየው መጽሐፍ አላት፤ የበረዶ አገር እንስሳት የተሣሉበት ነው። በሆዷ ተኝታ ስታገላብጥ ቀስ ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷም ቀስ ብላ ገጹን ወደ ሌላ በኩል ታዞረዋለች። ፊት ማዞርን ከማን እንደተማረች አልጠየቅኩም።

ከዚያ ከባርነሀገ ደብዳቤ መጣ። ሳምንቱ የሰሜን እንስሳት ሳምንት ነው፤ አያቶች እየመጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንስሳ ለሕፃናቱ ያስተዋውቃሉ።

«ቋንቋ ስለማይችሉ ይቀራሉ ብዬ ልጽፍላቸው ነው» አለች የሺ።

«ማነው የማይችለው? የትኛውን እንስሳ ነው ለእኔ የሰጡኝ?»

«ኢስብዮርን ደርሶዎት ነበር። የበረዶ ድብ ነው። ከፈለጉ ቪዲዮ ላሳይዎ…»

«ድብ? ድብን ለእኔ?»

እዚህ ላይ የስናን ሰዎች ታገሡኝ። ድብ የሚባለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ፣ ከአንበሳ ጎን ሲጠራ እሰማዋለሁ። ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አገራችን ውስጥ የለም። እኔ ግን በራሴ ምርምር ደርሼበት ነበር፦ ጅብ፣ ድብ። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ስለዚህ ድብ ማለት የሩቅ አገር ጅብ ነው። ይህን ለአርባ ዓመት ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስተምሬአለሁ። ከልጅቷ መጽሐፍ ላይም ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ አራት እግር አለው፣ ነጭ ነው። ነጭ ጅብ። የቀረውን ከእውቀቴ ሞላሁት፤ ቪዲዮ አያስፈልገኝም አልኩ።

በቀጠሮው ጠዋት የሺ አስተርጓሚዬ ልትሆን ነበር። የምትሠራው ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው፤ ሰው ታሞባቸው በድንገት ጠሯት። በር ላይ አድርሳን እየሮጠች ሄደች። አስተማሪዋ ኢንግሪድ ትባላለች፤ ረጅም፣ ጉንጯ የቀላ ወጣት ናት። ጎንበስ ብላ ሶስናን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሶስና መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። ገባኝ፤ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ ሰምታ በእነሱ ቋንቋ ትነግራቸዋለች። ለእኔ የምትለው ቃል ግን የለም።

ከእኔ በፊት አንዲት አሮጊት ሴል የሚሉትን የባሕር እንስሳ አስተዋወቀች። ቆዳውን አምጥታ ሕፃናቱ በየተራ ዳሰሱት። ጥሩ ነበር፤ ግን ድምፅ የለውም፣ ወኔ የለውም። አሁን ያያሉ አልኩ። ጋቢዬን አጣፋሁ፤ ከመሐል ቆምኩ።

«ልጆች! የዛሬው እንግዳችን አያ ድቦ ይባላል። አያ ሳትሉ ብትጠሩት ይቆጣል።»

ሶስና በትንሽ ድምፅ ተረጎመች። ሕፃናቱ «አያ ድቦ» አሉ። ደስ አለኝ።

«ሲመሽ ከዋሻው ይወጣል። ሲሄድ ያነክሳል፤ የፊት እግሩ ረጅም፣ የኋላው አጭር ነው።» እያነከስኩ ዞርኩላቸው። ሳቁ። ሶስና ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ቅንድቧን ሰብስባለች። «የሚወደው አህያ ነው። አህያ ሲያገኝ ከሆዷ ይጀምራል!»

ሶስና ይህን አልተረጎመችም።

«ተርጉሚ እንጂ።»

ለኢንግሪድ በጆሮዋ ነገረቻት። ኢንግሪድም በትሕትና በእንግሊዝኛ «ኖ ዶንኪ ሂር» አለችኝ። እዚህ አህያ የለም ማለቷ ነው።

«ፊኒሽ!» አልኳት። በልቶ ጨርሷቸዋላ!

ድል እንዳደረግኩ ቆጥሬ ወደ መጨረሻው አለፍኩ። «ሲጮህ ደግሞ እንዲህ ነው» ብዬ፣ አንገቴን ወደ መሬት ደፍቼ፣ ከሆዴ አውጥቼ የጅብ ጩኸት ጮህኩ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ እሪ ብሎ አለቀሰ። ሌሎቹ በደስታ እየጮኹ እርስ በርስ ወደቁ። ኢንግሪድ ወደሚያለቅሰው ሮጠች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አይደለም!»

ሶስና ናት። ጉንጯ ቀልቷል፤ ጡጫዋን ጨብጣለች።

«አይደለም! ውሸት ነው! ድብ እንዲህ አይልም! አህያ አይበላም! አንተ አታውቅም!»

በአማርኛ ነው። ሕፃናቱ እንዲህ ያለ ቋንቋ ከአፏ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም። አንተ አታውቅም! በሰባ ዓመቴ ይህን ቃል ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው የለም። እታለም እንኳ ሱሪዬን ነው የምትነካው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ስድብ ሲወርድብኝ እኔ የምሰማው ሰዋስዉን ነበር። አይልም፣ አይበላም፣ አታውቅም፤ ሁሉም ከነአፍራሹ በየቦታው ተቀምጧል፤ አንድም ፊደል አልወደቀ።

መልስ አልጠፋኝም ነበር። እኔ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። የዚህ አገር ድብ ሌላ፣ የእኛ መጽሐፍ ድብ ሌላ ነው ብል ማን ይረታኛል? አምስት ዓመቷ ነው፤ እረታታለሁ። ረትቻት ግን ግድግዳውን ተጠግታ ስታልፍ ታየችኝ።

«እሺ» አልኩ። «አላውቅም። አስተምሪኝ።»

ከሕፃናቱ ወንበር አንዱን ስቤ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ሶስና የምቀልድ መስሏት ጥቂት አየችኝ። እንደማልቀልድ ስታውቅ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች።

«ድብ እንዲህ ይተኛል። በረዶ ላይ። እዚህ ቀዳዳ አለ።» ጣቷን ወለሉ ላይ አዞረች። «ሴል ከታች ይመጣል። ለ… ለ…» ቃሉ ጠፍቷት አፏን ከፍታ አየር ሳበች።

«ለመተንፈስ» አልኩ።

«ለመተንፈስ። ድብ ዝም። ዝም። ዝም።» ሕፃናቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ጧ!» በመዳፏ ወለሉን መታችው፤ ሁላችንም ዘለልን።

እናትየዋ ድብ በረዶ ቆፍራ ቤት እንደምትሠራ፣ ክረምቱን እዚያ ገብታ እንደምትወልድ፣ ግልገሎቿ ሲወለዱ ከአንድ ጫማ እንደማይበልጡ ነገረችኝ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእነሱ ቋንቋ፣ የቀረውን በእጇ። በመጨረሻ መጥታ የጋቢዬን ጫፍ ያዘች።

«ድብ ከላይ ነጭ ነው» አለች። ጋቢውን ገልጣ ከሥሩ ያለውን እጄን ነካች። «ጸጉሩ ሥር፣ ቆዳው ጥቁር ነው። እንደ አንተ።»

ሕፃናቱ በየተራ እየመጡ ጋቢዬን ገለጡ። እንደ ሴሉ ቆዳ ዳሰሱኝ። ሰባ ዓመት በእውቀቴ ስኮራ ኖሬ፣ ትምህርት መስጫ የሆንኩት በቆዳዬ ነው።

የዚያን ቀን መጽሐፉን ራሷ አምጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው። በየገጹ እየጠቆመች «ይህ በአማርኛ ምንድን ነው?» ትለኛለች። ራይንስዲር የሚሉትን አጋዘን ነው አልኳት፤ ቀንዱ ይመሳሰላላ። በበረዶ ሥር የሚበቅለውን የዛፍ ሽበት የመሰለ ነገር በሰኮናው ቆፍሮ ይበላል፤ ሴቷም ባለቀንድ ናት። ሪፐ የሚሏት ወፍ የእኛን ቆቅ ትመስላለች፤ በበጋ ቡናማ፣ በክረምት ነጭ ትለብሳለች፤ ነጭ ቆቅ አልናት። ትንሿ ነጭ ቀበሮ ከድቡ ኋላ እየተከተለች ትራፊ ትለቅማለች፤ እሷን ስናይ በስም የማልጠራቸው አንዳንድ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ትዝ አሉኝ። ሁለት ጥርሱ እስከ ደረቱ የወረደውን ባለጢም ግዙፍ የባሕር እንስሳ ስትጠቁመኝ ስም ልፈጥርለት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «አላውቅም» አልኳት። ሁለተኛው አላውቅም ከመጀመሪያው ይቀላል። «ቫልሮስ» አለችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሴሉን ግን የሺ በስልኳ መዝገበ ቃላት ፈለገችልኝ። «አቆስጣ ይላል» አለች። አቆስጣ! የአቆስጣ ቁርበት ሲባል በቤተ ክርስቲያን ንባብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! እኔ የፍየል ዓይነት ነው ብዬ ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ። ያ ስሙን ብቻ የማውቀው ፍጡር፣ አሮጊቷ ይዛው የመጣችው፣ እኔ ወኔ የለውም ብዬ የናቅሁት ኖሯል።

ስለዚህ የስናን ሰዎች፣ ይህን ያነበበ ላላነበበ ይንገርልኝ፦ ድብ ጅብ አይደለም። አያነክስም፤ አህያም አይበላም። አቆስጣም ፍየል አይደለም። ሌላ ያስተማርኳችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝና ሶስናን እጠይቃታለሁ።

ፀሐይ በጥር ወር ተመለሰች። ሕፃናቱ ኮረብታ ላይ ወጥተው እንደ ሹመኛ ተቀበሏት። እኔም ጆሮዬን ሸፍኜ አብሬ ወጣሁ። ብቅ ብላ ጥቂት ቆይታ ገባች። እኛ ደጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ተሰጥታ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

እሑድ ለት ከሰዓት በኋላ እታለም ደወለች። ቤቷ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ስትደውል ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ልጅቷ አማርኛ ቻለች ወይስ አንተ ጠፋህ?» አለችኝ።

«ራስሽ ጠይቂያት» ብዬ ስልኩን ለሶስና ሰጠሁ። ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ሶስናዬ፣ የእኔ እናት፣ እኔ የአያትሽ እህት ነኝ። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

«ጎሽ! እስኪ ንገሪኝ፣ አያትሽ እዚያ ምን ይሠራል?»

ሶስና ግራ ገባት። አጠገቧ መቀመጤን አየች። «እዚያ አይደለም» አለች። «እዚህ ነው።»

«አይ ልጄ፣ እዚህማ የለም። እዚያ ነው።»

«እዚያ የለም! እዚህ ነው!»

«እዚህ የለም እልሻለሁ፤ በሩን እያየሁት ነው። ተዘግቷል። ሣር በቅሎበታል።»

«እዚህ ነው! እኔ ጋ!» ጋቢዬን ጨምድዳ ያዘች፤ ልክ እንደ ባርነሀገው ቀን ጉንጯ ቀላ። ዞር ብላም «ቤስተፋር፣ ንገራት!» አለችኝ።

እታለምም ከወዲያ በኩል «ንገራት እንጂ፣ አንተ!» አለች።

ሁለቱም የእኔን ቃል ጠበቁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ክርክር ጽፌአለሁ፤ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ የመጣበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን ተቀበልኩ፤ ጉሮሮዬን አጠራሁ፤ እስካሁንም አልመለስኩላቸውም።